ጀብራ ያስተማረን ሽታ

ጀብራ ለኖራችሁ፣ ኖራችሁም ለተበተናችሁ፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ዛሬ የምንጽፈው ስለ ምንዛሪ ወይም ስለ መተማ መንገድ አይደለም። ስለ ቀይ ወይን ነው፤ ሲራ ስለሚባለው አንድ ዓይነት። «እነዚህ ሴቶች ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ወይን ጠጪ የሆኑት?» የሚል እንደማይጠፋ እናውቃለን። እስከ መጨረሻው ካነበባችሁን ነገሩ ከመጠጣት ይልቅ የማሽተትና የሒሳብ ጉዳይ መሆኑን ታያላችሁ።

ስድስት ነበርን። ጀብራ ላይ በአንድ እቁብ የተሳሰርን፣ በመተማ በኩል ቡና፣ በርበሬ፣ ኮረሪማ፣ ቁንዶ በርበሬና ዕጣን የምናስገባ፣ ስንመለስ ሰንደል፣ ኹምራ፣ ድልካና የቶብ ጨርቅ የምንይዝ ሴቶች። ታላቃችንን እትዬ እንላታለን። ከመካከላችን አንዷ የወሎ ልጅ፣ ሙስሊም ናት፤ ቅመም በመለየት የሚደርስባት አልነበረም። ለቅመም ነጋዴ አፍንጫ ሁለተኛ ሚዛን ነው። ቁንዶ በርበሬ ውስጥ የደረቀ የፓፓያ ፍሬ የሚቀላቅሉ እንዳሉ በዚህ ሥራ ያለ ሁሉ ያውቃል። ቅርጹ ይመስላል፣ ክብደቱም አያስነቃም፤ ሽታው ግን የለም። እሷ ጆንያውን ፈትታ፣ አንድ እፍኝ በመዳፏ አሽታ፣ አንዴ ሳብ ታደርግና «ይህን መልሱት» ካለች ክርክር አልነበረም።

መጠጥ የሚባል ነገር ግን ከእኛ ደጅ አይደርስም ነበር። ሕጉን ታውቁታላችሁ። ሱዳን ውስጥ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1983 በጃዕፈር ኒሜሪ ጊዜ የሸሪዓ ሕግ ሲታወጅ መጠጥ ተከለከለ፤ ካርቱም ውስጥ የነበረውም ተሰብስቦ ዓባይ ውስጥ ተደፋ። እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው የወንጀል ሕግ ጠጥቶ ለተገኘ ሙስሊም 40 ግርፋት አስቀመጠ። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2020 የሽግግር መንግሥቱ ሙስሊም ላልሆኑ ሰዎች መጠጣትን ሲፈቅድ እንኳ እኛ ደንባችንን አልቀየርንም። ከተምር አረቄ ስታወጣ በከሻ ተይዛ፣ ዕቃዋም ቤቷም ተበትኖ፣ ልጆቿ ጎረቤት ለጎረቤት ሲያድሩ ያየናት ሴት ነበረች። ስለዚህ የእቁባችን የመጀመሪያ ቃል «መጠጥ አይነካም፣ በእቁቡ ገንዘብም አይገዛም» የሚል ነበር። ቃሉን ያስገባችው ወሎዬዋ ብቻ አልነበረችም፤ ሁላችንም ፈርተን ነበር።

ከዚያ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. መጣ። ቀዳም ሥዑር ነበር። ለእኛ ፋሲካ ሊሆን አንድ ሌሊት ቀርቶታል፣ ለእሷ ደግሞ ረመዳን ነው። ሽንኩርቱ ተከትፎ፣ ዶሮው ገና ሳይታረድ፣ ተኩሱ ጀመረ። ቀን ቆጥረን፣ ውኃና ዳቦ ቆጥበን፣ በመጨረሻ ስንወጣ የያዝነው ልብስ፣ ወረቀትና የእሷ ሦስት ጆንያ ቁንዶ በርበሬ ነበር። የሌሎቻችን ዕቃ ሱቅ ውስጥ ተቆልፎ ቀረ። የእሷ ግን ገና ከመኪና ወርዶ ቤቷ ስለነበረ ብቻ ተረፈ። ገዳሪፍ ስንደርስ ገንዘባችን አለቀ። ያንን ቁንዶ በርበሬ በሩብ ዋጋ ሸጠን ስድስታችንም ከነልጆቻችን እስከ ገላባት ተሳፈርን። ስንሸጥ እሷ አንድ ቃል አልተናገረችም። ይህን እዚህ ላይ ያዙልን፤ እንመለስበታለን።

አዲስ አበባ ገብተን እቁቡን እንደገና አቆምን። ቡና ቆልተን፣ በርበሬ አስፈጭተን መሸጥ ጀመርን። በዚህ መሐል የእትዬ የእህት ልጅ ተዳረች። ሆቴል ውስጥ የምትሠራ ሌላዋ የእህት ልጅ ለመልሱ ሁለት ጠርሙስ ቀይ ወይን ይዛ መጣች። ጠርሙሱ ላይ «ሪፍት ቫሊ፣ ሲራ» ይላል። እትዬ ስሙን ስትሰማ «ሴራ ነው ያልሽኝ?» ብላ ሁሉን አሳቀች። ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። ቀመስነው። ዝም ተባባልን። እትዬ ብርጭቆዋን አስቀምጣ «ልጄ፣ ስኳሩን ረስተውታል። ተበላሽቷል» አለች።

እውነቱን ለመናገር ሁላችንም እንደ እሷ አስበን ነበር። ወይን ሲባል እኛ የምናውቀው ድሮ ለጥምቀትና ለሠርግ የሚቀርበውን ጣፋጩን አክሱሚት ነው። አፋችን ጣፋጭ ይጠብቃል፤ የመጣለት ግን ደረቅ፣ ጥቁር፣ ድድ የሚይዝ ነገር። ልጅቷ አልተቀየመችም። «እትዬ፣ ጠጁ ጌሾ በዝቶበት ሲመር ተበላሸ ትያለሽ እንዴ? እስቲ ከመቅመስሽ በፊት አሽትቺው» አለቻት። እትዬ አሸተተች። አንዴ፣ ሁለቴ። ከዚያ ብርጭቆውን ለእኛ አቀበለችና «ይሄ የጀብራ ሱቃችን ነው» አለች።

ማጋነን እንዳይመስላችሁ። አፍንጫችንን ስናስገባ መጀመሪያ ያገኘነው ቁንዶ በርበሬ ነው። ዛሬ የተፈጨ፣ ትኩስ። ቀጥሎ የደረቀ ጥቁር ፕሪም፣ የበሰለ እንጆሪ፣ ከሥሩ ደግሞ ጭስ፤ ጋን በወይራ ሲታጠን እንደሚተወው ያለ። ትንሽ ቆይቶ አዲስ ቆዳ፣ እንደ አዲስ ጫማ። ቅመሙም፣ ጭሱም፣ ቆዳውም ጀብራ አንድ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን የነበሩ ነገሮች ናቸው። ያን ማታ ወይኑን ጠጥቶ የጨረሰ አልነበረም። ብርጭቆው ግን ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር አመሸ፤ ከመካከላችንም ያለቀሰች ነበረች።

ከዚያ በኋላ ነጋዴነታችን ተነሣ። «ይህ ቁንዶ በርበሬ ከየት መጣ? ይጨምሩበታል?» ብለን ጠየቅን። አይጨምሩበትም። ሲራ የወይን ፍሬው ዓይነት ስም ነው። ሽታውን የሚሰጠው ሮተንዶን የሚባል ንጥረ ነገር ሲሆን፣ ራሱ ንጥረ ነገር ቁንዶ በርበሬም ውስጥ አለ። ይህን እ.ኤ.አ. በ2008 ይፋ ያደረጉት የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ናቸው። የሚገኘው በፍሬው ልጣጭ ውስጥ ነው። ፍሬው ቀዝቀዝ ባለ ቦታ ቀስ ብሎ ሲበስል የቁንዶ በርበሬው ጠረን ይጎላል፤ ሙቀት ሲበዛበት ግን ጠረኑ ይደበዝዝና ወይኑ ወደ ማርማላታ፣ ወደ በሰለ ፕሪም ያደላል። ስለዚህ ሁለት የሲራ ጠርሙስ ከሁለት አገር ገዝታችሁ አንዱ ቅመም ቅመም፣ ሌላው ማርማላታ ማርማላታ ቢላችሁ ተጭበርብራችሁ ላይሆን ይችላል፤ የአየሩ ሥራ ነው።

ተመራማሪዎቹ ሌላም ነገር አግኝተዋል። ከአምስት ሰው አንዱ ገደማ ይህን ሮተንዶን ጨርሶ አያሸተውም። ይህን ሳናውቅ በራሳችን ሰው ላይ ግፍ ሠርተናል። ዕጣን የምትነግደው እህታችን «ምንም ቁንዶ በርበሬ የለም፣ ፍራፍሬ ብቻ ነው» ስትል «ይህን ሁሉ ዓመት በምን አፍንጫሽ ነው የነገድሽው?» ብለን ተሳለቅንባት። የቁንዶ በርበሬውን ጆንያ እንኳ ታውቀዋለች፤ ቁንዶ በርበሬ ሌሎችም ሽታዎች ስላሉት ነው። ወይኑ ውስጥ ያለውን ግን አፍንጫዋ አይዘውም። በኋላ ነገሩን ስንረዳ ይቅርታ ጠየቅናት። ከአምስት አንድ ከሆነ ከስድስታችን አንዷ ብትሆን ምን ይገርማል?

የስሙም ነገር ለነጋዴ ይጠቅማል። ሲራና ሺራዝ አንድ ፍሬ ናቸው። አውስትራሊያውያን ሺራዝ ይሉታል፣ ፈረንሳዮች ሲራ። ከፋርሷ ሺራዝ ከተማ የመጣ ነው የሚል የቆየ ወሬ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ በዘረ መል ምርመራ ሲታይ ግን ወላጆቹ ዱሬዛና ሞንደዝ ብላንሽ የሚባሉ ሁለት የደቡብ ምሥራቅ ፈረንሳይ ወይኖች ሆነው ተገኙ። አገሩ የሮን ወንዝ ሸለቆ ነው፤ ኤርሚታዥና ኮት ሮቲ የሚባሉት የታወቁ ቀይ ወይኖች የሚመረቱት እዚያ፣ ከእሱው ነው። ጄምስ በዝቢ የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1832 ወደ አውስትራሊያ ካስገባቸው ቁርጥራጮች መካከል እሱም ነበረበት። የሚገርመን ስሟን ያዋሰችው ሺራዝ ዛሬ ያለችው መጠጥ በሕግ በተከለከለበት አገር መሆኑ ነው፤ ኢራን ከ1979ኙ አብዮት ወዲህ ከልክላለች። እንግዲህ እንደ ጀብራ ያለች ሌላም ከተማ አለች ማለት ነው።

የእኛው ሲራ የሚበቅለው ዝዋይ፣ ባቱ ነው። ካስቴል የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ከሐይቁ አቅራቢያ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ፣ ከፈረንሳይ ያመጣውን ችግኝ ተክሎ እ.ኤ.አ. በ2014 የመጀመሪያዎቹን ጠርሙሶች ለገበያ አቀረበ። ሪፍት ቫሊ በሚለው ስም ሲራ፣ ሜርሎ፣ ካቤርኔ ሶቪኞንና ነጩ ሻርዶኔ ይወጣሉ። አካሺያ የሚለው ደግሞ ጣፋጭ ለለመደው አፋችን ታስቦ ለስለስ ያለ ነው። እርሻውን ከጉማሬ፣ ከጅብና ከዘንዶ ለመጠበቅ ዙሪያውን ሰፊ ቦይ መቆፈሩን ጋዜጦች ጽፈዋል። ፈረንሳይ ውስጥ ወይን በብርዱ ወራት ቅጠሉን አራግፎ ይተኛል፤ እንደኛ ባለ በረዶ በሌለበት አገር ግን እንቅልፉንም ንቃቱንም የሚያዘው መግረዣው ነው። ገበሬው ሲገርዘው ይነሣል።

አሁን ወደ ንግዱ። የሠርግ ወቅት ሲመጣ ሰዎች ይጠይቁን ጀመር። «ቡናና ቅመም እንደምታቀርቡልን ወይንም አብራችሁ ብታመጡልን?» የእትዬ የእህት ልጅም ደፋፈረችን። የሠርጉ ቤተሰብ ከመግዛቱ በፊት ሁለት ሦስት ዓይነት ቀምሶ እንዲመርጥ እናደርጋለን፤ እኛም ከካርቶኑ ላይ ትንሽ ትርፍ እናገኛለን። እዚህ አገር ፈቃድ ያለው ሰው ሊሠራው የሚችል ሥራ ነው። ተሰበሰብን። ሁሉም «ይሁን» አለ። ወሎዬዋ እህታችን ብቻ ቡናዋን እስከ በረካ ጠጥታ ስኒዋን አስቀመጠችና እንዲህ አለችን፦ «እኔ በእናንተ ላይ አልፈርድም፤ ለእናንተ ተፈቅዷል። የእኔ ገንዘብ ግን ወይን ውስጥ አይገባም። እንጀራዬን ከወይን ትርፍ አልበላም። ድርሻዬን አውጡልኝ።»

ቤቱ ጸጥ አለ። አንዳንዶቻችን ተናደድን። «ሃያ ዓመት አብረን በልተን ዛሬ ትለዪናለሽ?» ያለም ነበር። እውነቱ ግን የተለየናት እኛ ነበርን። ቃሉ «መጠጥ አይነካም» ነበር፤ ቃሉን የለወጥነው እኛ ነን እንጂ እሷ አይደለችም።

ድርሻዋን ማውጣት ቀላል መሰለን። ደብተሩ ግን ጠየቀን። እቁቡ እንደገና ሲቆም መነሻው ከገዳሪፉ ሽያጭ የተረፈው ገንዘብ ነበር። ድርሻዋ ስንት ነው? አንደኛው ሐሳብ «ቁንዶ በርበሬው ገዳሪፍ ላይ ያወጣው ሩብ ዋጋ ነው፤ የጦርነት ዋጋ የማንም ጥፋት አይደለም» የሚል ነበር። በገበያ አነጋገር ስሕተት የለበትም። ዕቃ የሚያወጣው በተሸጠበት ቀን የሚያወጣውን ነው።

እኛ ግን ንግድ ትምህርት ቤት ቁጭ ብለን የተማርነው አንድ ነገር ነበር፦ ኪሳራን የሚሸከመው ኪሳራው የተከፈለለት ሰው ነው። ያ ቁንዶ በርበሬ በሩብ ዋጋ የተሸጠው ለእሷ ጥቅም ብቻ ቢሆን ኪሳራው የእሷ በሆነ ነበር። የተሸጠው ግን ስድስታችንን ከነልጆቻችን ለማሳፈር ነው። ስለዚህ የጎደለው ሦስት አራተኛ ዋጋ የአንድ ሰው ኪሳራ ሳይሆን የስድስት ሰው የጉዞ ወጪ ነው። ሒሳቡን እንደዚህ ጻፍነው፦ ሦስቱን ጆንያ ከጦርነቱ በፊት በነበረው የጀብራ ዋጋ ቆጠርን፤ የጎደለውን ለስድስት አካፈልን፤ የእሷን አንድ እጅ ቀነስን፤ የቀረውን አምስታችን ከድርሻችን አወጣንላት። ብዙ ነበር። ለወይን ያሰብነው መነሻ ግማሹ በዚያ ሄደ። ደብተሩን ስናነብላት አቋረጠችን፤ «ይህን አልጠየቅኳችሁም» አለች። እትዬ «ሳትጠይቂ ነው የሰጠሽን፤ ሳትጠይቂ ትቀበያለሽ» አለቻት። ነገሩ በዚህ አለቀ።

በቀረን ገንዘብ አራት ካርቶን፣ 24 ጠርሙስ፣ ከተለያየ ቦታ ገዛን። የመጀመሪያውም ትምህርታችን ከዚያው መጣ። ካርቶኖቹን በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ከበርበሬው ጋር፣ ጠርሙሱን ቀጥ አድርገን አስቀመጥናቸው። የበጋው ፀሐይ ጣሪያውን እንደ ምጣድ ሲያግለው ማን አስቦት? ለመጀመሪያው ሠርግ ስንከፍት የአንዳንዱ ቡሽ ወደ ላይ ገፍቶ፣ ወይኑም የተቀቀለ ፍራፍሬ ይሸት ነበር። ቁንዶ በርበሬው የለም፣ ጭሱም የለም። ዘጠኝ ጠርሙስ ደፋን። የሻጭ ጥፋት አልነበረም፤ የእኛው ነበር። ከዚያ ወዲህ የምናደርገውን፣ ለእናንተም የሚበጀውን፣ እንንገራችሁ።

ወይን ሙቀትና ብርሃን አይወድም። ቤት ውስጥ ቀዝቃዛና ጨለማ የሆነውን ጥግ ፈልጉለት፤ ቡሽ ያለው ጠርሙስ ቡሹ እንዳይደርቅ ተጋድሞ ይቀመጥ። ጠንካራ ሽታ ካለው ዕቃም አርቁት።

«ቀይ ወይን በክፍል ሙቀት ይጠጣል» የሚለውን እንዳለ አትቀበሉት። ያ አባባል የመጣው ብርዳም ከሆነው የአውሮፓ ቤት ነው። የካርቱም ክፍል 40 ዲግሪ ነው፤ የመተማም ከዚያ አይሻልም። ለሲራ የሚስማማው ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ነው። ማቀዝቀዣ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ያህል አቆይታችሁ አውጡት። ሲሞቅ አልኮሉ አፍንጫ ይወጋል፤ ሲራ አብዛኛውን ጊዜ 13 ወይም 14 በመቶ አልኮል አለውና። በጣም ሲቀዘቅዝ ደግሞ ሽታው ይተኛል፣ ድድ መያዙም ይብሳል።

ብርጭቆው ሆዱ ሰፋ፣ አፉ ጠበብ ያለ ይሁን። ይህን ለሐበሻ ማስረዳት አይከብድም፤ ብርሌ አንገቷ የጠበበው የጠጁን ሽታ ሰብስባ ለአፍንጫ እንድትሰጥ ይመስል የለም? እስከ አፉ አትሙሉት፤ ከሢሶ አይለፍ። አንድ ጠርሙስ 75 ሳንቲ ሊትር ነው፤ በልኩ ከተቀዳ አምስት ብርጭቆ ይወጣዋል። ለሠርግ ስታሰሉ በዚህ አስሉ።

ሲቀመስ መጀመሪያ ይታያል። ነጠላችሁን ከኋላው ይዛችሁ ብርጭቆውን ዘንበል አድርጉት። ሲራ ጥቁር ቀይ፣ ወደ ወይን ጠጅ ቀለም የሚያደላ ነው፤ ወጣት ሲሆን ጠርዙ ሐምራዊ ነው፤ ሲያረጅ ጠርዙ ወደ ጡብ ቀለም ይሄዳል። ከዚያ ሳታንቀሳቅሱ አሽትቱ፤ ቀጥሎ ብርጭቆውን አዙራችሁ እንደገና አሽትቱ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ቡና ሳይቆላና ተቆልቶ እንዳለው ነው። ከዚያ ትንሽ ጎንጭታችሁ አፋችሁ ውስጥ አዙሩት። ምራቅ የሚያመጣው ጎምዛዛው ነው። ድድና ምላስ ላይ የሚደርቀው፣ ጀብራ ላይ ከሰል ላይ ተረስቶ የቆየ ሻይ እንደሚያደርገው ያለው፣ ታኒን ይባላል፤ የሚመጣው ከፍሬው ልጣጭና ዘር ነው። ስኳሩም አልተረሳም፤ እርሾው ወደ አልኮል ለውጦት ነው። ብዙ የሚቀምስ ሰው መትፋት ነውር አይደለም፤ ለዚያ የሚሆን ዕቃ አጠገባችሁ አድርጉ። እኛ የምንተፋው ብዙ ነው፤ ሒሳብ የሚሠራ ሰው ጭንቅላቱ ያስፈልገዋል።

አዲስ የተከፈተ ሲራ አንዳንድ ጊዜ ተኮሳትሮ ይመጣል። ወደ ማንቆርቆሪያ ገልብጣችሁ ግማሽ ሰዓት አየር ስጡት፤ ይፈታል።

ከምግብ ጋር ደግሞ ተጠንቀቁ። አልኮሉና ታኒኑ የበርበሬን ማቃጠል ያብሳሉ። ዶሮ ወጥ ላይ አቅርበን እንግዶቹ ውኃ ውኃ ሲሉ አይተናል። የሚስማማው የበግ ጥብስ ነው፤ በተለይ የጥብስ ቅጠል የገባበት። የጥብስ ቅጠሉና የወይኑ ቅመም ይግባባሉ። የከሰል ሥጋም ይስማማዋል፤ ጭሱን ጭስ ያገኘዋል። ለዶሮ ወጥ ለስለስ ያለ፣ ጣፋጭነት ያለው ወይን ወይም የራሳችን ጠጅ ይሻላል።

አንድ ነገር ቀረን። የመጀመሪያውን ቅምሻ ለአንድ የሠርግ ቤተሰብ ያዘጋጀን ቀን ወሎዬዋ እህታችን በር አንኳኳች። ከእቁቡ ብትወጣም ቡናውንና ቅመሙን አሁንም አብረን ነው የምንነግደው፤ ደብተሩ ብቻ ሁለት ሆኗል። በእጇ ትንንሽ ብልቃጦች ይዛለች፦ ቁንዶ በርበሬ፣ ቅርንፉድ፣ ኮረሪማ፣ የደረቀ ፕሪም፣ የወይራ እንጨት ፍላጭ። «ወይናችሁን አላሸትም» አለች፤ «ግን ሰው የማያውቀውን ሽታ በስሙ ብትነግሩት አይገባውም። መጀመሪያ ይህን አሽትቱት፤ ከዚያ እናንተ የምታሳዩትን ታሳዩታላችሁ።» ብልቃጦቹን ጠረጴዛው ላይ ደርድራ፣ የቅመሙን ዋጋ በራሷ ደብተር እንድንጽፍላት ነግራን፣ ቡናዋን ሳትጠጣ ወጣች።

የሙሽራው አባት ቁንዶ በርበሬውን አሸተተ፤ ቀጥሎ ብርጭቆውን። ቀና ብሎ አየንና «ይሄማ ያው ነው» አለ። ስድስት ካርቶን አዘዘ። የብልቃጦቹን ዋጋ ያን ዕለት ማታ፣ ከቡናው ሽያጭ ላይ፣ ልጃችንን ልከን ከፈልን።

በየምትኖሩበት ሰላም ያቆያችሁ። ጀብራ የቀራችሁ ካላችሁ፣ ወይም የተመለሳችሁ፣ በዚያ አካባቢ ሱቅ ይሠራ እንደሆነ ጻፉልን። ከእኛ ሱቅ ቁልፉ አሁንም እጃችን ላይ ነው።